ጠባቡ አስፋልት፦ የባሃ ካሊፎርኒያን በረሃ በሞተርሆም ስናቋርጥ የተማርነው

ሳን ዲየጎ ውስጥ ከማውቃቸው የሀገሬ ልጆች ቲኋናን ያላየ የለም ማለት ይቻላል። ለጥርስ ሕክምና ወይም ለእሑድ ምሳ ድንበሩን ይሻገራሉ፤ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ከቲኋና በስተደቡብ ግን በአንድ ጎኑ የፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በሌላው ጎኑ የኮርቴዝ ባሕር የሚያዋስነው፣ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም በረሃማ ባሕረ ገብ መሬት አለ፤ ባሃ ካሊፎርኒያ ይባላል። እኔም በዚህ ከተማ 19 ዓመት ስኖር ከኤንሴናዳ ወዲያ አልፌ አላውቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን፣ እኔና ባለቤቴ ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሆነን በሞተርሆም ወደዚያ ወረድን፤ በ15 ቀን ውስጥም እስከ ሎሬቶ ከተማ ደርሰን ተመለስን። ደርሶ መልሱ 2,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህን የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ጉዞ የሚያስብ ሰው እኛ በገንዘብና በድንጋጤ የተማርነውን ቤቱ ተቀምጦ አንብቦ እንዲያገኘው ነው።

ሞተርሆም ስል በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ ያለው ቤት-መኪና ማለቴ ነው። የእኛው 24 ጫማ የሚረዝም፣ ከጋቢናው በላይ አልጋ የተሠራለት፣ በቤንዚን የሚሄድ፣ ከኋላ ጥንድ ጎማ ያለው ያገለገለ መኪና ነው። መጀመሪያ ያሰብነው ልንከራይ ነበር፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የአሜሪካ አከራዮች መኪናቸው ወደ ሜክሲኮ እንዲገባ በውላቸው አይፈቅዱም። ውሉን ሳያነቡ ቀብድ መክፈል ትልቅ ስህተት ይሆናል።

ስለ ባለቤቴ ወንድም አንድ ነገር ልናገር፤ ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው የእሳቸው ነውና። ጋሼ ነው የምላቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ለ30 ዓመት ያህል ተሳቢ የነዱ፣ የጅቡቲን መንገድ እንደ ግቢያቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ገና መንጃ ፈቃድ ስላላወጡ መሪ አልያዙም። ዕድሜ ልካቸውን ረዳት ሲያዝዙ ኖረው በዚህ ጉዞ እሳቸው ረዳት ሆኑ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከረዳት ወንበር ላይ ሆነውም ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

ከመነሣታችን በፊት ያስጨነቀኝ ርቀቱ ነበር። ቲኋናን በባሕረ ገቡ መሬት ደቡባዊ ጫፍ ካለችው ካቦ ሳን ሉካስ የሚያገናኘው የፌዴራል አውራ ጎዳና ቁጥር 1፣ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ሲሆን ተጠናቅቆ የተከፈተው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት በረሃውን የሚያቋርጠው ጥርጊያና ኮረኮንች ብቻ ነበር። ዛሬ ዳር እስከ ዳር አስፋልት ስለሆነ ርቀቱ ምንም አላስቸገረንም፤ ያስቸገረን የመንገዱ ጥበት ነው። በበረሃው ክፍል አንዱ መስመር ከ3 ሜትር ብዙም አይሰፋም፤ ከዚያም የሚጠብበት ቦታ አለ። የሞተርሆማችን አካል ብቻውን 2 ሜትር ተኩል ነው፤ ሁለቱ ስፖኪዮዎች ሲጨመሩበት መስመሩን ሞልቶት ይሄዳል። ከነጩ መስመር ውጭ ደግሞ የተረፈ መሬት የለም፤ አስፋልቱ እንደ ደረጃ ተቆርጦ ወደ ጠጠሩ ይወርዳል። ጎማ ከዚያ ጠርዝ ከወረደና ነጂው ደንግጦ መሪውን ወደ ግራ ከጠመዘዘ እንዲህ ያለ ረጅም መኪና ይገለበጣል። በመንገዱ ዳር ተገልብጠው የቀሩ የመኪና አካሎችን አይተናል፤ በየጠመዝማዛው የቆሙት ትንንሽ መስቀሎችም ለምን እንደቆሙ ማንም ሳይነግረን ገብቶናል።

ወደ ወረቀቱ ጉዳይ ልመለስ። የአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ሜክሲኮ ውስጥ እንደ ሕጋዊ ዋስትና አይቆጠርም፤ ቢያንስ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል የሜክሲኮ ኢንሹራንስ መግዛት ግዴታ ነው። ይህ የሌለው ነጂ አደጋ ቢደርስበት ኃላፊነቱ እስኪጣራ ድረስ ሊታሰር ይችላል። እኛ ከመነሣታችን በፊት በኢንተርኔት ገዝተን፣ ሁለት ቅጂ አትመን፣ አንዱን ከሊብሬው ጋር አንዱን ደግሞ በባለቤቴ ቦርሳ አስቀመጥን። እኔና ባለቤቴ የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። ጋሼ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነበር፤ የአሜሪካ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ለጉብኝት የሜክሲኮ ቪዛ ስለማይጠየቅ ያለ ችግር ገቡ። ግሪን ካርዱ ቤት ቢቀር ግን መመለሱ ትልቅ ጣጣ ስለሚሆን፣ ባለቤቴ ከመነሣታችን በፊት ሦስት ጊዜ አስወጥታ አይታዋለች። ሁላችንም በድንበሩ የኢሚግሬሽን ቢሮ የጎብኚ ፈቃድ አስሞላን፤ ፈቃዱ ቢበዛ ለ180 ቀን ይሰጣል፣ ከሰባት ቀን በላይ ለሚቆይም ክፍያ አለው። ወደ ሜክሲኮ ሌሎች ክፍሎች ለሚገባ መኪና የሚጠየቀው ጊዜያዊ የማስገቢያ ፈቃድ በባሃ ባሕረ ገብ መሬት ውስጥ አያስፈልግም። በባሕረ ገቡ መሬት ደቡብ ካለችው ከላ ፓዝ ከተማ በመርከብ ወደ ዋናው ምድር መሻገር የሚፈልግ ሰው ግን ያን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

የገባነው በቴካቴ በኩል ነው። ከቲኋና ያነሰ መተላለፊያ በመሆኑ ረጅም መኪና ይዞ በከተማ ግርግር ከመጋፋት ያድናል፤ ከዚያ በጓዳሉፔ ሸለቆ የወይን እርሻዎች መካከል አልፎ ኤንሴናዳ ይደርሳል። ከኤንሴናዳ እስከ ሳን ኪንቲን ያለው መንገድ ከተማና እርሻ የሚፈራረቁበት ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም፤ ቶፔ ከሚሉት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በስተቀር። ቶፔ ምልክት ያለውም የሌለውም አለ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ዘለልኩትና የወጥ ቤቱ መሳቢያዎች በሙሉ ተከፍተው ምስሩ ወለሉን አለበሰው። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ የመሳቢያዎቹን እጀታ በገመድ አሰረች፤ እኔም ቤት የሚመስል ነገር ባየሁ ቁጥር ፍጥነቴን ወደ 20 ማውረድ ለመድኩ።

እውነተኛው በረሃ የሚጀምረው ከኤል ሮሳሪዮ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ጌሬሮ ኔግሮ አካባቢ እስኪደረስ ድረስ፣ ለ320 ኪሎ ሜትር ያህል በመንገዱ ላይ የነዳጅ ማደያ የለም። መካከል ላይ ባለችው ካታቪኛ በምትባል ትንሽ ሰፈር ሰዎች በመንገድ ዳር ቤንዚን ከበርሜል ይሸጣሉ፤ ዋጋው ከማደያው የበለጠ ነው፤ ጥራቱን ደግሞ የሚያረጋግጥ የለም። የእኛ መኪና በአንድ ጋሎን ከ8 እስከ 9 ማይል ስለሚሄድ ለዚህ ክፍል 25 ጋሎን ያህል ያስፈልገዋል። ታንከሩ 55 ጋሎን ስለሚይዝ ሞልቶ ለተነሣ ሰው ሥጋት የለም፤ ችግር የሚደርሰው ግማሽ አለኝ ብሎ ኤል ሮሳሪዮን ያለፈ ሰው ላይ ነው። ጋሼ ደንብ አወጡልን፤ ከሳን ኪንቲን ጀምሮ ማደያ በታየ ቁጥር፣ ታንከሩ ሩብ ብቻ ቢጎድልም እንሞላ ነበር። ቤንዚን የሚቀዳው ሠራተኛው ስለሆነ ከመጀመሩ በፊት መቁጠሪያው ዜሮ ላይ መሆኑን ወርዶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ይህን ባለማድረጌ ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው ሒሳብ ጨምሬ ሳልከፍል አልቀርም። ካርድ የማይቀበሉበት ጊዜ ስላለ ፔሶ በጥሬው መያዝ ግድ ነው። ስልክም ለብዙ ሰዓት አይሠራም፤ ስለዚህ ካርታውን ቀድሞ ስልክ ላይ ማውረድ ይበጃል። በአውራ ጎዳናው ላይ ለተበላሸ መኪና እርዳታ የሚሰጡ «አረንጓዴ መላእክት» የሚባሉ የመንግሥት ጠጋኞች አሉ፤ ስልካቸው 078 ነው፤ የሚጠቅመው ግን ኔትወርክ ባለበት ብቻ ነው።

ካታቪኛ ከመድረሳችን በፊት መሬቱ ተለወጠ። ቤት የሚያካክሉ ድቡልቡል ቋጥኞች እርስ በርስ ተደራርበው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ካርዶን የሚባለው፣ በዓለም ከሚገኙ ቁልቋሎች ሁሉ ግዙፍ የሆነው ይበቅላል። ከእሱ ይልቅ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ተክል ነው፤ ቅርንጫፍ የሌለው፣ ከሥሩ ወፍሮ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ነገር ያለው ረጅም ግንድ። ጋሼ አይተው «ይህማ ጧፍ ነው» አሉ። ማታ ላይ ሳነብ ስፔናውያን ሲሪዮ ብለው እንደሰየሙት አወቅሁ፤ ትርጉሙም የቤተ ክርስቲያን ሻማ ማለት ነው። ሸለቆው ራሱ በዚህ ተክል ስም የተጠራ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

ስፖኪዮአችን የተሰበረውም እዚሁ ነው። ከጠመዝማዛው ወጥቼ ቀጥ ወዳለው መንገድ ስገባ አንድ ተሳቢ ከፊት ለፊት መጣ። ጋሼ «ዳርህን ያዝ» አሉ። የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ ዓይኔ ግን ከተሳቢው አፍንጫ አልተነሣም። ጧ አለና የግራው ስፖኪዮ መስታወት በተከፈተው መስኮት በኩል ጭኔ ላይ ተበተነ። ሁለታችንም አልቆምንም፤ መቆሚያ ቦታም አልነበረም። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ሄደን ጠጠር የለበሰ ሜዳ ስናገኝ ወጥተን ቆምን። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ሲመጣ እሱን ነው ያየኸው፣ አይደል?» አሉኝ ጋሼ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ለዚህ ነው። መሪ የሚከተለው ዓይንን ነው። እሱን ተወውና የቀኝህን ነጭ መስመር እይ። እሱም ልጆች አሉት፤ አይገጭህም።»

ካቻቢቴ አንሥተው የመታጠቢያ ክፍሉን ትንሽ መስታወት ከግድግዳው ፈቱና በተሰበረው ማቀፊያ ላይ በፕላስተር ጠምጥመው አሰሩት። ሎሬቶ ደርሰን የተመለስነው በዚያ መስታወት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባድ መኪና ሲመጣ ያደረግሁት ይህ ነው፦ ከሩቅ ሳየው ፍጥነቴን ወደ 40 አወርዳለሁ፤ የቀኙን ጎማ ነጩ መስመር ላይ አስኬዳለሁ፣ ከመስመሩ ግን አላወጣም፤ ዓይኔንም ከመስመሩ አላነሣም። በቀረው መንገድ በመቶ የሚቆጠሩ ተሳቢዎች አለፉን፤ አንድም አልነካንም። የፍጥነት ወሰኑ በብዙ ቦታ 80 ቢሆንም እኔ ከ70 አላለፍኩም። ከኋላዬ መኪና ሲደረደር ሰፋ ያለ ቦታ ባገኘሁ ቁጥር ወጥቼ አሳልፋቸው ነበር።

ስለ ግራ ፍሬቻም ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ከፊታችሁ ያለ የከባድ መኪና ሾፌር የግራ ፍሬቻ ሲያበራ ብዙ ጊዜ «ፊቱ ክፍት ነው፣ እለፈኝ» ማለቱ ነው። ችግሩ፣ በእውነት ወደ ግራ ሊታጠፍ ያሰበ ሾፌርም የሚያበራው ያንኑ ፍሬቻ መሆኑ ነው። ስለዚህ ፍሬቻውን እንደ ፈቃድ ሳይሆን እንደ ጥቆማ ቆጥሬ፣ በስተግራ መገንጠያ መንገድ አለመኖሩንና ፊቱ ክፍት መሆኑን በራሴ ዓይን ሳላይ አላለፍኩም። እኔ ራሴ ወደ ግራ መታጠፍ ሲኖርብኝና ከኋላዬ መኪና ሲኖር ደግሞ የግራ ፍሬቻ አላበራም ነበር፤ በቀኝ በኩል ወጥቼ እቆማለሁ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ አቋርጣለሁ። ሳን ዲየጎ ውስጥ እንዲህ ቢነዳ ሰው ይሳቅበት ይሆናል። እዚያ ግን ከኋላ የሚመጣው ሾፌር የእኔን ፍሬቻ «እለፍ» ብሎ ተርጉሞ ጎኔን ሊገባበት ይችላል።

በሌሊት አትንዱ የሚለውን ምክር ሁሉም ሰው ይሰጣል፤ ምክንያቱን ግን ብዙዎች ሽፍታ ይመስላቸዋል። እኛ ያየነው ምክንያት ላም ነው። የግጦሹ መሬት አጥር ስለሌለው ከብቱ እንዳሻው ይሻገራል፤ ሲመሽ ደግሞ አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ይዞ ስለሚቆይ እላዩ ላይ ይተኛል። ጥቁር ላም በጥቁር አስፋልት ላይ ከሩቅ አትታይም። ቫዶ የሚባሉት፣ ደረቅ ወንዝ አስፋልቱን የሚያቋርጥባቸው ዝቅታዎችም አሉ፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ የፊቱ መንገድ ይሰወራል፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ጎርፍ ይሞላቸዋል። ስለዚህ ቀኑን የምንለካው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፀሐይ ነበር፤ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ እንነሣለን፣ የትም ብንሆን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ማደሪያችንን እንይዛለን። በቀን ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የነዳሁት ከኤል ሮሳሪዮ ጌሬሮ ኔግሮ በወረድንበት ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀንም ደክሞኝ ነበር።

በመንገዱ ላይ የወታደር ኬላዎች አሉ። ከየት መጣችሁ፣ ወዴት ትሄዳላችሁ ብለው ይጠይቃሉ፤ ሞተርሆም ከሆነ ደግሞ ውስጡን ገብተው ያያሉ። የሚፈልጉት አደንዛዥ ዕፅና የጦር መሣሪያ ነው፤ ሜክሲኮ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንዲት ጥይት ይዞ መገኘት እንኳ ከባድ ወንጀል ስለሆነ፣ የአሜሪካን ሕግ የለመደ ሰው ይህን በቀላሉ እንዳያየው። ወታደሮቹ ትሑታን ነበሩ፤ እኛ ግን በራሳችን ላይ ነገር አመጣን። ባለቤቴ የጾም ስንቃችንን፣ ማለትም ሽሮ፣ በርበሬና በሶ፣ ጽሑፍ በሌለው ፌስታል አስራ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደርድራው ነበር። አንድ ወጣት ወታደር ሲከፍተው ያገኘው ኪሎ ኪሎ የሚመዝን፣ በጥብቅ የታሰረ ዱቄት ነው። ፊቱ ተለወጠና አለቃውን ጠራ። እኔ በማውቃት ጥቂት ስፓኒሽ «ኮሚዳ፣ ኮሚዳ» እላለሁ፤ ምግብ ነው ማለት ነው፤ የሚያምን የለም። መጨረሻ ላይ ባለቤቴ በሶውን በኩባያ ውሃ በጠበጠችው፤ እሷ ሰዓቷ ስላልደረሰ፣ ሰዓት የማልጾመው እኔ ወታደሮቹ እያዩ ጭልጥ አድርጌ ጠጣሁት። አለቃው ሳቀ፤ ወጣቱ ግን በርበሬውን ጠጋ ብሎ ሲያሸት ቆይቶ ዓይኑን እየጠራረገ ወረደ። 40 ደቂቃ ፈጅቶብናል። የሐበሻ ስንቅ የምትይዙ ከሆነ ከሱቅ በታሸገበት፣ ጽሑፍ ባለበት ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ፍተሻ ሲኖርም አንድ ሰው ከወታደሩ ጋር ውስጥ ይቁም፤ ሌሎቹ ውጭ ይጠብቁ።

28ኛው የሰሜን ኬክሮስ መስመር ላይ፣ ጌሬሮ ኔግሮ ከተማ መግቢያ፣ ሰሜኑ ግዛት አብቅቶ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ይጀምራል። ሰዓቱም እዚያ ይለወጣል፤ ስንወርድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋን፤ ስንመለስ ግን ሰሜኑ የበጋ ሰዓቱን ጀምሮ ስለነበር ልዩነቱ ጠፍቶ አገኘነው። የደቡቡ ግዛት ሰዓቱን በዓመት ሁለት ጊዜ አይቀያይርም። በመግቢያው ላይ ባለው የእርሻ ቁጥጥር ብርቱካናችንን ወሰዱብን፤ የመኪናውንም ሥር በፀረ ተባይ ረጭተው ጥቂት ፔሶ አስከፈሉን። ከተማዋ የጨው ከተማ ናት። የባሕር ውሃ በሰፋፊ ኩሬዎች ውስጥ በፀሐይና በነፋስ እየተነነ የሚመረትባት ሲሆን፣ በዓይነቱ በዓለም ትልቁ የጨው ማምረቻ እንደሆነ ይነገርለታል። ከአፍዴራ ጨው ጭነው የሚያውቁት ጋሼ ከአጥሩ ውጭ ቆመው የጨው ተራራውንና ግዙፎቹን መኪኖች ሲያዩ ቆዩና «የእኛው ሥራ ነው፤ አካፋው ብቻ ነው የተለወጠው» አሉ።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለው ኦሆ ዴ ሊየብሬ ሐይቅ፣ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች ከአላስካ በላይ ካለው ቀዝቃዛ ባሕር ወርደው በክረምት ይወልዳሉ። ሥፍራው በ1993 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የኤል ቪስካይኖ መጠለያ ውስጥ ነው። በየካቲትና በመጋቢት ብዙ ስለሚሆኑ ወቅቱን የመረጥነው ለዚህ ነበር። ፓንጋ በሚሏት ጠባብ ጀልባ ገባን፤ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ከጀልባዋ አጠገብ ቀረበች፤ ጋሼ በሕይወታቸው ሙሉ ዋና የማይችሉ ሰው መሆናቸውን ረስተው እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መንገድ አስፋልት አይደለም፤ ሞተርሆሙ እንዳይንገጫገጭ ከተማ አቁመን ከአስጎብኚዎች መኪና ጋር ብንሄድ ይሻለን ነበር።

ከዚያ መንገዱ ባሕረ ገቡን መሬት አቋርጦ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሳን ኢግናሲዮ፣ በተምር ዛፎች የተከበበች የውሃ ዳር ከተማ፣ ከሁለት ቀን ድርቅ በኋላ ዓይንን ታሳርፋለች፤ ግድግዳው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የታነጸው ቤተ ክርስቲያኗ በ1786 እ.ኤ.አ. ነው የተጠናቀቀው። ከእሷ በኋላ፣ ሳንታ ሮሳሊያ ሊደረስ ሲል፣ «የገሃነም ቁልቁለት» ብለው የሰየሙት ገደል አለ። ፍሬን እየረገጡ የሚወርዱት ቁልቁለት አይደለም። ጋሼ «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ሲሉኝ፣ አውቶማቲኩን በእጄ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አውርጄ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው ተውኩት። ከፊታችን የነበረ አንድ ሌላ ሞተርሆም ግን ታች ደርሶ ሲቆም የፍሬኑ ሽታ እኛ ዘንድ ደርሷል።

በጉዞው ሁሉ የወደድኩት ቦታ ከሙሌሄ በታች ያለው የኮንሴፕሲዮን ባሕረ ሰላጤ ነው። ውሃው ረጋ ያለ ነው፤ ሞተርሆሙን ከማዕበሉ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ አቁሞ ማደር ይቻላል፤ ወደ ማታ ሰው እየመጣ ክፍያ ይሰበስባል፣ በአዳር ከ200 እስከ 300 ፔሶ ከፍለናል። መብራት፣ የቧንቧ ውሃና የፍሳሽ መድፊያ ግን የለም። ለሦስት ሰው 40 ጋሎን ውሃችን አራት ቀን በቃን፤ ያውም ሰሃን በባሕር ውሃ ታጥቦ በንጹሑ ብቻ እየተለቀለቀ ነው። የመጸዳጃው ታንከር ከመሙላቱ በፊት መድፊያ ወዳለው የካምፕ ቦታ መመለስ እንጂ በረሃው ላይ መልቀቅ ነውርም ጉዳትም ነው፤ ይህን ያደረጉ ሰዎችን ምልክት አይተን አፍረናል። የሚጠጣ ውሃ በየከተማው ከሚገኙት የተጣራ ውሃ መሸጫዎች በጥቂት ፔሶ ይሞላል።

ኤል ሬኬሶን በምትባለው ዳርቻ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻውን ከትንሽ ደሴት ጋር የሚያገናኝ የአሸዋ ምላስ ብቅ ይላል። ለፎቶ ያምራል ብዬ ወደ ጫፉ ጠጋሁ፤ የኋላ ጥንድ ጎማዎች ሰመጡ። ልክ ቤንዚን ስሰጠው ጋሼ ጮኹ፦ «አጥፋ! መቃብሩን እየቆፈርክለት ነው።» ውሃው የሚመለስበትን ሰዓት ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ስንጠይቅ ሦስት ሰዓት ያህል ቀረው አለን። ጎማዎቹን አስተንፍሰን፣ አሸዋውን በእጅና በድስት ክዳን ጠርገን፣ የአልጋውን ጣውላ ከሥር አነጠፍን፤ ዓሣ አጥማጆቹም በሁለት ፒክ አፕ ጎትተው አወጡን። 500 ፔሶ ስሰጣቸው ከተቀበሉ በኋላ ማታ ላይ ሁለት ትላልቅ ዓሣ ይዘው መጡ። አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድና የጎማ መንፊያ ሳይዙ አሸዋ መርገጥ ድፍረት ነው። ከሁሉም በፊት ግን ወርዶ በእግር መሄድ ይቅደም፤ ተረከዝ የሚሰምጥበት ቦታ ጎማ አይቆምም።

ዓሣው በቤታችን ክርክር አስነሣ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም በሚለው እኔና ባለቤቴ ለ20 ዓመት አልተስማማንም፤ እዚያም አልተስማማንም። እሷ ሽሮዋን በላች፤ እኔና ጋሼ ዓሣውን ጠብሰን በላን።

ሎሬቶ ላይ ሁለት ቀን ዐርፈን ተመለስን። በ1697 እ.ኤ.አ. የተመሠረተች፣ የካሊፎርኒያዎች የመጀመሪያዋ የሚሲዮን ከተማ ናት። ወደ ላ ፓዝ ለመቀጠል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀር ነበር፤ ቀኑ ስላልበቃን ተውነው። ሁለት ሳምንት ብቻ ያለው ሰው እስከ ጫፉ ልድረስ ቢል በየቀኑ መሪ ላይ ሊውል ነው፤ ሦስት ሳምንት ያለው ይድረስ። መልሱ ከመሄዱ ቀለለን፤ ዓይኔም ከተሳቢ አፍንጫ ወደ ነጩ መስመር ተገርቶ ነበር። በቴካቴ የአሜሪካ ጉምሩክ ሞተርሆሙን ለብቻ አውጥቶ ፈተሸው፤ ማቀዝቀዣውን ከፍተው የቀሩንን ፍራፍሬዎች ወሰዱ፣ ሽሮውን አይተው ምን እንደሆነ ጠየቁና አለፉን።

ሳን ዲየጎ እንደገባን ሁለት የግራ ስፖኪዮ ገዛሁ። አንዱን ጋሼ በዚያው ቀን ገጠሙት። ሁለተኛው ከአልጋው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከአካፋውና ከመጎተቻ ገመዱ ጋር ተቀምጧል።